ዘጠኙ ዓመት የት ሄደ? የረጅም ዘመን የከተማ አስተዳደር ሠራተኞችን በወጉ ለማመስገን

በአዲስ አበባ ዳርቻ በሚገኝ አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት የሰው ሀብት ባለሙያ ሳለሁ ካስተባበርኳቸው የምስጋና ሥነ ሥርዓቶች አንዱ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ድንኳኑ ተተክሎ፣ ሞንታርቦው ተገጥሞ፣ እንግዶች በየቦታቸው ተቀምጠው ሁሉ ነገር በደንብ ሲሄድ ቆይቶ፣ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ «ለ22 ዓመታት ላበረከቱት አገልግሎት» ተብለው ወደ መድረክ ተጠሩ። ሰውዬው ያገለገሉት ግን 31 ዓመት ነበር። መድረክ ላይ ምንም አልተናገሩም፤ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ ጎንበስ ብለው እጅ ነስተው ወረዱና የተደረበላቸውን ካባ አውልቀው፣ በጥንቃቄ አጥፈው ለባለቤታቸው ሰጡ። በማግስቱ ጠዋት ጠረጴዛዬ ፊት ቆመው «ልጄ፣ ዘጠኙን ዓመት የት አደረጋችሁት?» ሲሉ ጠየቁኝ። ዘጠኙ ዓመት በኮንትራት የሠሩበት ዘመን ሲሆን፣ የቅጥር ደብዳቤያቸው በፈረሰ ጽሕፈት ቤት ዶሴ ውስጥ ቀርቶ ነበር፤ እኛ ደግሞ ያየነው ኮምፒውተር ላይ ያለውን ዝርዝር ብቻ ነው።

ይህን የምጽፈው በየወረዳው፣ በየትምህርት ቤቱና በየጤና ጣቢያው «የረጅም ዘመን አገልጋዮቻችንን እናመስግን» የሚል ሐሳብ ሲነሳ አስተባባሪ ኮሚቴ ውስጥ ለሚመደቡ ባልደረቦች ነው። ኮሚቴ እንደተሰየመ ወሬው ወዲያው ስለ ድንኳን፣ ስለ ምሳና ስለ ባነር ይሆናል። እኔ ከደረሰብኝ ተነስቼ የመጀመሪያውን ስብሰባ መዝገብ ቤት ውስጥ እንድታደርጉት እመክራለሁ፤ ተሸላሚው ምሳውን ይረሳዋል፣ በሕዝብ ፊት ስለ እሱ የተነበበው ነገር ስህተት ከሆነ ግን አይረሳውም።

ዶሴውን ማገላበጥ

በዚህች ከተማ 30 ዓመትና ከዚያ በላይ የሠራ ሰው እሱ ከወንበሩ ሳይነሳ የመሥሪያ ቤቱ ስም ደጋግሞ ተለውጦበታል። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ከወጣ በኋላ ቀበሌዎች ተቋቋሙ፤ በላያቸው ከፍተኛ የሚባለው እርከን ነበረ። ደርግ ከወደቀ በኋላ ከፍተኛው ወረዳ ተብሎ ዞን ተጨመረበት። በ1995 ዓ.ም. 10 ክፍለ ከተሞች ሲቋቋሙ ዞኑም የዚያን ጊዜው ወረዳም ቀርቶ ቀበሌዎቹ እንደገና ተዋቀሩ፤ ከዓመታት በኋላ ደግሞ ቀበሌው ራሱ ወረዳ ሆነ። በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ ለሚ ኩራ 11ኛ ክፍለ ከተማ ሲሆን፣ ትናንት የቦሌ ሠራተኛ የነበረ ሰው ዛሬ የለሚ ኩራ ሠራተኛ ሆኖ አደረ። በከተማዋ ዳርቻ ላይ የገበሬ ማኅበር የነበረው አካባቢ ኮንዶሚኒየም ሲሆን በዓይናቸው ያዩ ሠራተኞችም አሉ። በእነዚህ ለውጦች ሁሉ ዶሴዎች ከሕንፃ ወደ ሕንፃ ተጭነዋል፣ ከፊሎቹ ተቀላቅለዋል፣ ከፊሎቹም የት እንዳሉ የሚያውቀው አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ብቻ ነው። እሱም ብዙ ጊዜ ከተሸላሚዎቹ አንዱ ነው።

ስለዚህ ከሥነ ሥርዓቱ ቢያንስ ሦስት ወር አስቀድሞ የእያንዳንዱ ሠራተኛ የግል ማህደር ይውጣና መጀመሪያ ሲቀጠር የሞላው የሕይወት ታሪክ ፎርም፣ የቅጥርና የዝውውር ደብዳቤዎቹ፣ የደረጃ ዕድገቶቹ በቅደም ተከተል ይታዩ። በመካከል ክፍተት ከተገኘ የዚያ ዘመን የደመወዝ መክፈያ ሊስት ሳይፈለግ ክፍተቱ «አልሠራም» ተብሎ አይዘለል። ከዚያም፣ እኛ ያልሠራነው ቀላሉ ሥራ ይህ ነበር፣ የተዘጋጀው የአገልግሎት ዘመን ዝርዝር በወረቀት ታትሞ ለሠራተኛው ለራሱ ይሰጥ፤ አንብቦ፣ ጎደለ የሚለውን በእጁ ጽፎ፣ ፈርሞ ይመልስ። ሽልማቱ ድንገተኛ ደስታ እንዲሆን ፈልጎ ይህን የሚደብቅ ኮሚቴ አለ፤ የ30 ዓመት ሠራተኛ ግን የሚሸለምበትን ቀን ባነሩን ከሚያሠራው ሰው ቀድሞ ይሰማል።

በኮንትራት የተሠራ ዘመን ይቆጠር ወይስ አይቆጠር የሚለው ክርክር በየኮሚቴው ይነሳል። ለጡረታ የሚቆጠረውን አዋጁ ይወስነዋል፤ ለምስጋና የሚቆጠረውን ግን የሚወስነው ኮሚቴው ስለሆነ፣ በእኔ አስተያየት ሰውየው ጠዋት ገብቶ ማታ የወጣበት ዓመት ሁሉ መቆጠር አለበት። በተለይ የጽዳት፣ የጥበቃና የተላላኪነት ሥራ ላይ የነበሩ ሰዎች ቋሚ እስኪሆኑ ድረስ ረጅም ዘመን በኮንትራት ስለሚቆዩ፣ ይህ ዘመን ሲቀነስ የሚጎዱት ሁልጊዜ እነሱው ናቸው። ስሌቱ በዓመትና በወር ይሁን፤ ለምሳሌ ጥቅምት 1 ቀን 1981 ዓ.ም. ተቀጥሮ እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. የሠራ ሰው 36 ዓመት ከ9 ወር አገልግሏል፤ «ከ35 ዓመት በላይ» ብሎ መጠቅለል ለአንባቢው ይቀላል እንጂ ለባለቤቱ አይመችም።

የስም አጻጻፍም ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በጽሕፈት መሣሪያ ዘመን «ኃይለ ማርያም» ተብሎ የተጻፈ ስም በኮምፒውተር «ሀይለማርያም» ሆኖ ይገኛል፤ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» በአንድ ዶሴ ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የምስክር ወረቀቱ ሠራተኛው ራሱ ስሙን በሚጽፍበት ፊደል ይታተም። ይህን አጋጣሚ ተጠቅሞ በዶሴው፣ በመታወቂያውና በባንክ ደብተሩ ላይ ያሉት ስሞች አንድ መሆናቸውን ማየት ደግሞ ለጡረታ ጊዜ ትልቅ እረፍት ነው፤ በአንዲት ፊደል ምክንያት ለወራት የሚመላለሱ ጡረተኞችን አይቻለሁ።

የሥራ ታሪኩን መጻፍ

የምስክር ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ የሚነበበው «በሥራ ዘመናቸው ላሳዩት ከፍተኛ ትጋትና ታማኝነት» የሚል ዐረፍተ ነገር ነው። ይህ ለሾፌሩም፣ ለገንዘብ ያዧም፣ ለጽዳት ሠራተኛውም ሳይለወጥ ስለሚሠራ ለማንም አልተጻፈም ማለት ይቻላል። በእያንዳንዱ ተሸላሚ ላይ ግማሽ ገጽ የማይሞላ የሥራ ታሪክ መጻፍና መድረክ ላይ ማንበብ ግን ከየትኛውም ስጦታ በላይ ይቆያል። ለዚህ አንድ ወጣት ባልደረባ ተመድቦ ከተሸላሚው ጋር ቡና እየጠጣ አንድ ሰዓት ይቀመጥ። «ከሥራዎ የሚኮሩበት ምንድን ነው?» ብሎ መጀመር መልስ አያስገኝም፤ አብዛኛው ሰው «የታዘዝኩትን ሠራሁ» ብሎ ይዘጋዋል። «መጀመሪያ የገቡ ቀን ቢሮው የት ነበር? ቁልፉን ማን ሰጠዎት? በጣም የከበደዎት ክረምት የትኛው ነው?» ሲባል ግን ነገሩ ይፈታል። በተጨማሪ አብረዋቸው የሠሩ ሁለት ሰዎችና፣ ከተቻለ አንድ ነዋሪ ይጠየቁ።

ከዚህ የሚገኘው ጽሑፍ ምን ሊመስል እንደሚችል ለማሳየት ያህል የሚከተለውን ናሙና አስቀምጣለሁ፦ «ወይዘሮ እገሊት በጥቅምት 1981 ዓ.ም. በቀበሌ መዝገብ ቤት ጸሐፊነት ሥራ ጀመሩ። በ1995 ዓ.ም. ቀበሌዎች እንደገና ሲዋቀሩ ዶሴዎቹን በጋሪ አስጭነው ወደ አዲሱ ቢሮ አመጡ፤ ጣሪያው አፍስሶ የረጠቡትን ክረምቱን ሙሉ ፀሐይ ብልጭ ባለ ቁጥር ግቢው ውስጥ አንድ በአንድ እያሰጡ አዳኑ። የይዞታ ሰነዳቸው የጠፋባቸው ነዋሪዎች ዛሬም ቅጂውን የሚያገኙት በዚያ ክረምት ከተረፉት ዶሴዎች ነው።» ሦስት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ከአንድ ሰው በቀር ለማንም አይሆንም። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲነበብ ከድንኳኑ ጥግ «እውነት ነው!» የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ያኔ ሥራችሁ እንደተሳካ ታውቃላችሁ። ጽሑፉን የሚያነበው የመድረክ መሪው ሳይሆን ሰውየውን የሚያውቅ ባልደረባ ቢሆን ይመረጣል። ተሸላሚው የማይፈልገው ነገር ደግሞ አለ፤ ከኃላፊ ጋር የተጣላበት ታሪክ፣ የበሽታው ነገር፣ የቤተሰቡ ጉዳይ። ስለዚህ ጽሑፉ ከመነበቡ በፊት ለእሱ ይነበብለት።

ቀኑን መቁረጥ

ብዙ መሥሪያ ቤቶች ሥነ ሥርዓቱን ሰኔ 16 ቀን ከሚውለው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የፐብሊክ ሰርቪስ ቀን ጋር ማያያዝ ይወዳሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ይሁን እንጂ ሰኔ ለዚህ ሥራ ክፉ ወር ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ፋይናንስ ክፍሉ ፋታ የለውም፤ ዝናቡ ይጀምራል፤ ቱሉ ዲምቱን፣ አቃቂንና ቦሌ አራብሳን የመሳሰሉ አካባቢዎች መሬታቸው ጥቁር መረሬ አፈር ስለሆነ ድንኳን የተተከለበት ሜዳ በአንድ ዝናብ ጭቃ ይሆንና በነጭ ልብስ የመጡ እናቶች ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ይሄዳሉ። በዚያ ላይ የሐዋርያት ጾም አለ። እኔ ግንቦትን እመርጣለሁ፤ በተለይ የግንቦት የመጀመሪያ ሁለት ሳምንታት ፋሲካ ቶሎ ቢውልም ቢዘገይም በበዓለ ኃምሳ ውስጥ ስለሚወድቁ ረቡዕና ዓርብም እንኳ አይጾምም፣ በጀቱም ገና ክፍት ነው።

ከሳምንቱ ቀናት ሐሙስ ከሰዓት ይሻላል። ዓርብ የምሳ ሰዓቱ ከ5፡30 እስከ 7፡30 የተራዘመው ለሶላት ስለሆነ ጠዋቱ ያጥራል፣ ከሰዓቱም ዘግይቶ ይጀመራል፤ ሰኞ ደግሞ የባለጉዳይ ቀን ነው። ከሁሉም በላይ ሰዓቱ ከመንግሥት ሠራተኞች አውቶቡስ ጋር ይገጣጠም። በከተማዋ ዳርቻ የሚሠራ ሰው 11፡30 ላይ ያ አውቶቡስ ካመለጠው ከታክሲ ወደ ታክሲ እየቀያየረ ሲገባ ይመሻል፤ ስለዚህ 11 ሰዓት ያለፈ ንግግር ማንም አይሰማውም፣ ሁሉም የሚያየው መስኮቱን ነው።

የጥበቃ ሠራተኞች ጉዳይ ለብቻው ይታሰብበት። የሚሸለሙት ተረኛ በሆኑበት ቀን ከሆነ በር ላይ ቆመው ስማቸው በሞንታርቦ ሲጠራ ይሰማሉ። ተተኪ በጽሑፍ ይመደብላቸው፤ የሌሊት ተረኛ ከሆኑም የዚያን ቀን እረፍት ይሰጣቸው።

ገንዘብና ስጦታ

ለምስጋና የተያዘ በጀት ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው ወይም የለም፤ ስለዚህ መዋጮ ይመጣል። መዋጮው ከደመወዝ ላይ በደፈናው እንዳይቆረጥ፤ ፈቃደኛው በዝርዝር ላይ ስሙንና የሚሰጠውን ጽፎ ይፈርም፣ የተሰበሰበውና የወጣው ገንዘብም በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ከአካባቢው ባለሀብቶች ድጋፍ እንጠይቅ የሚል ሐሳብ መቅረቱ አይቀርም። እኔ እቃወመዋለሁ። በከተማዋ ዳርቻ ያለ ወረዳ ዋነኛ ጉዳዩ ቦታ፣ ካርታና የግንባታ ፈቃድ ነው፤ ዛሬ ፍሪጅ የሰጠ ሰው ነገ ፋይሉን ይዞ ይመጣል፤ ያኔ በ35 ዓመት ንጽሕናው የተመሰገነው ሠራተኛ ስም ሳያውቀው ከዚያ ፍሪጅ ጋር ይነሳል።

ስጦታው ውድ መሆን የለበትም፤ የሚያገለግል ይሁን እንጂ። የብዙ ሠራተኞች ቤት አሳንሰር የሌለው ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየም ስለሆነ ከባድ ዕቃ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ዕቃውን በፒካፕ አድርሶ ደረጃውን የሚያወጡ ልጆችም መመደብ አለበት፤ አለዚያ ተሸላሚው ሽልማቱን ታቅፎ ለሸካሚ ይከራከራል። ባለ መስታወት ትልቅ ፍሬም በሚኒባስ እንደማይሄድም ይታሰብ። እኔ ከሁሉ የምመርጠው ጋቢ ነው፤ ለሴትም ለወንድም፣ ለክርስቲያንም ለሙስሊምም ይሆናል፣ በብርድ ጠዋት ይለበሳል። ጋቢ የሚገዛው ሽሮ ሜዳ ቢሆን አንድ ወር ቀድሞ ከሸማኔ ጋር መነጋገር ይጠቅማል። ማጉ የእጅ ፈትል መሆኑንና ባለ አራት ድርብ መሆኑን በእጅ ዳስሶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ሻጩ «ፈትል ነው» ማለቱ ብቻ አይበቃም።

ካባን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። በጥቁር ከፋይ ላይ በወርቃማ ክር የተጠለፈው ካባ ብዙ ጊዜ ኪራይ ነው። ከሆነ ይህ ለተሸላሚው አስቀድሞ ይነገረው። ልጆቹ ፎቶ እያነሱት ሳለ ከኋላው መጥቶ «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ የሚመለስ ነው» ማለት ያለበሱትን ክብር በአደባባይ እንደ መግፈፍ ነው።

ምግብ ላይ ብዙ አልቆይም። ሥጋ ካለ ለክርስቲያንና ለሙስሊም ለየብቻ ታርዶ፣ በየብቻ ዕቃ ተሠርቶ፣ በየብቻ ገበታ ይቅረብ፤ ይህን ማሟላት ካልተቻለ ሁሉም በአንድ ማዕድ የሚበላው የጾም በያይነቱ ከድፎ ዳቦና ከቡና ጋር ይበቃል፣ ወጪውም ይቀንሳል።

መድረኩ

ተሸላሚዎች የሚጠሩት በአገልግሎት ዘመን ብዛት ይሁን። በማዕረግ ከተጠሩ ቡድን መሪው መጀመሪያ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ መጨረሻ ትሆናለች፤ በመጨረሻው ሰዓት ደግሞ እንግዳው ሄዷል፣ ካሜራውም ባትሪው አልቋል። በዘመን ሲጠሩ ግን ብዙ ጊዜ የፊተኛው ሰልፍ ተገልብጦ ተላላኪው ከኃላፊው ይቀድማል፤ ይህን ማየት ለወጣቱ ሠራተኛም ትምህርት ነው። የክብር እንግዳው ንግግር አምስት ደቂቃ እንደተመደበለት በጽሑፍ ይድረሰው፤ የበጀት ዓመቱን ሪፖርት እንዲያቀርብ ቦታው አይደለም። የትዳር አጋርና ልጆች ከፊት ረድፍ ይቀመጡ፤ ቀድመው ጡረታ የወጡ ባልደረቦችና የአካባቢው የእድር ዳኞችም ይጠሩ። በሕይወት የሌለ አገልጋይ ካለ ስሙ በተራው ቦታ ተጠርቶ ቤተሰቡ ይቀበልለት፤ በመጨረሻ ለብቻው እንደ ማካካሻ አይደረግ።

ምርቃቱን አታሳጥሩት። በዳርቻው ወረዳዎች በአማርኛም በኦሮምኛም የሚመርቁ አባቶችና እናቶች ስላሉ ሁለቱም ይመርቁ፤ ሰው እጁን ዘርግቶ «አሜን» የሚልበት ይህ ጊዜ ከንግግሮቹ ሁሉ ይልቅ ተሸላሚውን ያስለቅሰዋል። ተሸላሚው መናገር ይፈልግ እንደሆነ ቀድሞ ይጠየቅ፤ የማይፈልግን ሰው ማይክ አስጨብጦ «አንድ ነገር በሉን» ማለት ማስጨነቅ ነው።

ኃላፊዎች በንግግራቸው «መንግሥት የጡረታ አበል በመስጠት አክብሯቸዋል» እንዳይሉ ንግግሩን የሚያዘጋጀው ሰው ይጠንቀቅ። አበሉ ስጦታ አይደለም፤ ሠራተኛው ከደመወዙ በየወሩ 7 በመቶ፣ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ 11 በመቶ ሲያዋጡለት ኖረዋል፣ በአዋጅ ቁጥር 1267/2014 መሠረትም ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ 60 ዓመት የሞላው ሰው መብቱ ነው።

ለጡረታ የደረሰ ተሸላሚ ካለ

ከተሸላሚዎቹ መካከል በዚያው ዓመት ጡረታ የሚወጡ ካሉ ከካባው በፊት ወረቀታቸው ያልቅ። የጡረታ ማሳወቂያ ደብዳቤው ከሦስት ወር በፊት በእጃቸው ይግባ፤ ፎቶግራፋቸው፣ የጋብቻ ማስረጃቸው፣ የልጆቻቸው የልደት ምስክር ወረቀትና የባንክ ሒሳባቸው ተሟልቶ የጡረታ ፎርሙ ቀድሞ ይላክ፤ የመጨረሻው ደመወዝና የመጀመሪያው አበል መካከል ያሉት ወራት ባዶ ኪስ የሚታይባቸው ናቸውና። ክሊራንሱንም እነሱ ከቢሮ ቢሮ እየዞሩ አያስፈርሙ። ለንብረት፣ ለፋይናንስ፣ ለቤተ መጻሕፍት፣ ለብድርና ቁጠባ ማኅበር የሚዞረውን ያን ወረቀት አንድ ወጣት ሠራተኛ ይዞ በሁለት ቀን ጨርሶ ቢያስረክባቸው፣ ከፍሬሙ የበለጠ ያስታውሱታል። ርክክቡም ቁልፍ መቀበል ብቻ ከሆነ ብዙ ነገር አብሮ ይወጣል፤ የትኛው ዶሴ በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ፣ የትኛው የውኃ መስመር በማን አጥር ሥር እንደሚያልፍ የሚያውቀው ሰው ከመሄዱ በፊት አብሮት የሚውል ተተኪ ለአንድ ወር ይመደብ።

ለጥበቃው ሠራተኛ በመጨረሻ ያደረግነው ይህ ነበር፦ ከሁለት ሳምንት ፍለጋ በኋላ የኮንትራት ደብዳቤያቸው በሌላ ሰው ዶሴ ውስጥ ተጣብቆ ተገኘ። አዲስ የምስክር ወረቀት አሳትመን ቤታቸው ድረስ ወሰድንላቸው፤ «31 ዓመት» የሚለውን ለልጅ ልጃቸው ጮክ ብላ እንድታነብ ሰጧትና ሁለት ጊዜ አስነበቧት። አሮጌውን ልንወስድ ስንጠይቃቸው አልሰጡንም። የሥነ ሥርዓቱን ፎቶግራፍም ያኔ ነበር ያደረስንላቸው፤ አብዛኛው መሥሪያ ቤት ፎቶውን በካሜራ ባለሙያው ስልክ ውስጥ ትቶት ስለሚቀር፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ታትሞ ለእያንዳንዱ ተሸላሚ የሚያደርስ ሰው ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ በስም ይመደብ። ከሥራ ታሪኩ አንድ ቅጂ ጋርም አንድ ፎቶ ወደ ዶሴው ይግባ፤ ከጀርባው ቀኑና አብረው የቆሙት ሰዎች ስም በእርሳስ ይጻፍበት።